ያገር ልጅነት ደመወዝ አይሆንም

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያም እስከ ሄርንደን ተበትኖ በሚኖረው ወገናችን መካከል አንድ አባባል ሥር ሰዷል። በምግብ ቤቱ ማድ ቤት፣ በመኪና ማቆሚያው ዳስ፣ በአረጋውያን መጦሪያው መተላለፊያ፣ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ አፉን በከፈተ ቁጥር ይኸው አባባል ይመዘዝበታል፤ ‹‹እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፤ በቤተሰብ መካከል ሕግ ምን ያደርጋል?›› ይባላል። ለጆሮ የሚጥም ቃል ነው። በስደት ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያባብል ቃል የለም። እኛ ግን ይህን አባባል ከሥረ መሠረቱ እንቃወመዋለን። የምንቃወመው ወገን ለወገኑ መድረሱን ጠልተን አይደለም፤ ቤተሰብነቱ የሚታወሰው ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ብቻ መሆኑን ስላየን ነው። ትርፉ ሲቆጠር፣ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሲከፈት፣ ሕንፃው ሲገዛ ቤተሰቡ አንድ ሰው ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲጠየቅ ግን ሁላችንም ዘመዳሞች እንሆናለን።

ይህ ጽሑፍ ላሠሪውም ለሠራተኛውም የተጻፈ ነው። ዓመቶቹን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ስለ አገር ቤት ስንናገር ብቻ ዓ.ም. እንላለን።

አስቀድመን ቁጥሩን እናስቀምጥ። ጁላይ 1 ቀን 2025 ላይ ቆመን ብንመለከት፣ በዋሽንግተን ከተማ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማለትም በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከ50 ሰው በላይ የሚያሠራ ድርጅት 17 ዶላር ከ65 ሳንቲም፣ ከ10 የማይበልጥ ሰው የሚያሠራ ትንሽ ቤት እንኳ 15 ዶላር ከ50 ሳንቲም መክፈል ነበረበት። በዚያው ዕለት በሄርንደንም በአሌክሳንድሪያም፣ በመላው ቨርጂኒያ፣ ሕጉ የሚጠይቀው 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ብቻ ነበር። እንጀራው አንድ፣ ሽሮው አንድ፣ ሳህኑ አንድ፤ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር ግን ያንኑ ሳህን የሚያጥበው ክንድ ዋጋው ይወድቃል። የቤት ኪራዩም አብሮ ቢወድቅ ኖሮ ‹‹ያገሩ ሁኔታ ነው›› ብለን ባለፍነው።

ያገሩ ሁኔታ ሳይሆን የሕግ አውጪዎች ሥራ ነው። ቨርጂኒያ በ1947 ‹‹የመሥራት መብት›› የተሰኘውን ሕግ አወጣች። ስሙ ያማረ ነው፤ ግብሩ ግን ሠራተኛው ማኅበሩ ተደራድሮ ያስገኘለትን ጥቅም እየተካፈለ መዋጮውን ሳይከፍል እንዲኖር መፍቀድ፣ በዚህም ማኅበሩን ከውስጥ ማክሳት ነው። በ2016 ይህንኑ ሕግ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለመትከል የቀረበውን ሐሳብ ሕዝቡ በድምፁ ጣለው፤ ይሁንና ሕጉ በሕግነቱ ቀረ። ከዚህም ሌላ በቨርጂኒያ ከተማም ሆነ ካውንቲ ሪችመንድ ያልሰጠውን ሥልጣን በራሱ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ሞንትጎመሪ ለነዋሪው የደመወዝ ወለል ሲቆርጥ ሄርንደን እጁን አጣጥፎ ይመለከታል።

ወለሉ ከ2009 ጀምሮ በ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ተቸክሎ ቆየ። በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት በሜይ 2021 ወደ 9 ዶላር ከ50፣ በ2022 ወደ 11፣ በ2023 ወደ 12 ዶላር ከፍ አለ። እስከ 15 ዶላር የሚያደርሰው ቀሪ እርከን ግን ምክር ቤቱ እንደገና ካላጸደቀው እንዳይጸና ተብሎ በእንጥልጥል ተተወ። ምክር ቤቱ በ2024 አሳለፈው፤ አገረ ገዢው ግሌን ያንግኪን ሻረው። በ2025 እንደገና አሳለፈው፤ እንደገና ሻረው። ለመሻሩ የተሰጠው ምክንያት ለትናንሽ ነጋዴዎች መታሰቡ ነው። በሁለቱ ዓመታት ለሠራተኛው የተረፈው የኑሮ ውድነት እየታየ የሚጨመረው ሳንቲም ሆነ፤ በ2025 መጀመሪያ 41 ሳንቲም፣ በ2026 መጀመሪያ 36 ሳንቲም።

እዚህ ላይ ነው ከሄርንደን ጥግ የሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ የሚነገረው። ከቦሌ ተነሥቶ ወደዚህ አካባቢ የሚመጣ ወገን ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ብዙው ደግሞ ካረፈበት ሳይርቅ ሥራ የጀመረበት ነው። ዊልቸር የሚገፋው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ የአውሮፕላኑን ሆድ የሚጠርገው፣ በሌሊት የመጸዳጃ ቤቱን ወለል የሚወለውለው ሠራተኛ ብዙው ኢትዮጵያዊ፣ ኤርትራዊ፣ ሱዳናዊ፣ ሶማሊያዊና ላቲን አሜሪካዊ ነው። ይህ ሠራተኛ የአየር መንገዱ ሠራተኛ አይደለም። አየር መንገዱ ሥራውን በጨረታ ለተቋራጭ ይሰጣል፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው፤ ዊልቸሩም መጥረጊያውም በሁሉም ዘንድ አንድ ዋጋ ስለሆነ ዝቅተኛው ዋጋ የሚገኘው ከሰው ደመወዝ ላይ ተቀንሶ ነው። በዚህ አሠራር ከሠራተኛው ብዙው የፌዴራሉን ወለል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ይከፈለው ነበር፤ ዊልቸር ከሚገፉት አንዳንዶቹ ደግሞ ‹‹ከመንገደኛው ጉርሻ ታገኛላችሁ›› ተብለው ከወለሉ በታች ይከፈላቸው ነበር።

እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ? እጃቸውን አጣጥፈው ሪችመንድን አልጠበቁም። 32ቢጄ ከተባለው የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተባብረው ተደራጁ። ሰልፍ ወጡ። የሜትሮፖሊታን ዋሽንግተን ኤርፖርቶች ባለሥልጣን ቦርድ በሚሰበሰብበት አዳራሽ እየገቡ፣ በተሰባበረም ይሁን በቀና እንግሊዝኛ፣ የቤት ኪራያቸውንና የደመወዛቸውን ልክ ጎን ለጎን እያስቀመጡ ተናገሩ። ባለሥልጣኑን የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ሕግ አውጪዎች በኮንግሬስ ፈቃድ በጋራ ያቋቋሙት በመሆኑ በሪችመንድ ብቻ አይታዘዝም፤ ሠራተኞቹም ይህችን ቀዳዳ አይተዋታል። በኤፕሪል 2017 ቦርዱ የደመወዝ ወለል ቆረጠ፤ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ 11 ዶላር ከ55፣ በ2019 12 ዶላር ከ15፣ በ2020 12 ዶላር ከ75።

ይህንን የመጨረሻ ቁጥር አንባቢ ይያዝልን። በጃንዋሪ 2020 ከማረፊያው አጥር ውጭ የቨርጂኒያ ወለል 7 ዶላር ከ25 ሲሆን ከአጥሩ ውስጥ 12 ዶላር ከ75 ነበር። ቨርጂኒያ በጠቅላላዋ ይህንን ልክ ያለፈችው በጃንዋሪ 2026 ነው፤ ያለፈችውም በሁለት ሳንቲም! ዊልቸር ገፊዎቹ ተደራጅተው ያገኙትን ሌላው ሠራተኛ አገረ ገዢ ሲሽርለትና ሲያጸድቅለት ስድስት ዓመት ጠበቀው።

ታዲያ እንጠይቅ። በደለስ ቆሞ መብቱን የጠየቀው ያው ሰው፣ ሌሊቱን ዊልቸር ገፍቶ ቅዳሜና እሑድ ባገር ልጅ ምግብ ቤት ሲሠራ ለምን አንደበቱ ይታሰራል? ተቋራጩን ባዳ ነው ብሎ ተከራከረው። ያገሩን ልጅ ግን ‹‹ጋሼ›› እያለ ይጠራዋል፤ አሜሪካ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ያስያዘው እሱ ነው፤ እናቱ ያረፉ ጊዜ ድንኳን ያህል አዳራሽ የፈቀደለት፣ ንፍሮውን የቀቀለለት እሱ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ውለታው ውለታ ነው። ነገር ግን የአዳራሹ ውለታ በየትኛው ሒሳብ ነው በሳምንት ሃያ ሰዓት ያልተከፈለ ሥራ የሚሆነው? ሒሳቡን ማን ሠራው? ስንት ዓመትስ ተከፍሎ ያልቃል? ዱሮ ባላባቱ ለጭሰኛው በድግስ ቀን ጮማ ይቆርጥለት እንደነበር፣ ጭሰኛውም ስለ ጮማው ሲያመሰግን የእርቦውን ነገር ሳያነሣ እንደሚውል እናውቃለን።

ሌላም የሄርንደን ታሪክ አለ፤ ወገኖቻችን እምብዛም አያወሩትም። በ2005 የከተማው ምክር ቤት በመንገድ ዳር ቆመው ሥራ ለሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች መጠለያ እንዲከፈት ፈቀደ፤ በዲሴምበርም ተከፈተ። ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ነበሩ። ነገሩ በመላ አገሪቱ ጩኸት አስነሣ፤ ክስም ተመሠረተ። በሜይ 2006 በተደረገው ምርጫ ፈቃዱን የሰጡት ከንቲባና ሁለት የምክር ቤት አባላት ወንበራቸውን አጡ። አዲሱ ምክር ቤት መጠለያውን የሚያስተዳድረው ክፍል የሠራተኞቹን የሥራ ፈቃድ እንዲመረምር ጠየቀ፤ በ2007 ደግሞ በመንገድ ላይ ሥራ መፈለግን የሚከለክለውን ደንብ ዳኛ ከንግግር ነጻነት ጋር ይጋጫል ሲል ሻረው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጠለያው ተዘጋ፤ ሰዎቹም ወደ መንገዱ ዳር ተመለሱ። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ማን እንደወሰደው በቅጡ አያውቅም፤ ማምሻውን ሳይከፍለው ቢጥለውም የሚከሰው ሰው ስም የለውም። ከምግብ ቤቱ ጓዳ ገብቶ በእጅ የሚከፈለው ወገናችን ከዚህ ሰው የሚለየው ጣሪያ ስላለው ብቻ ነው። ያሠሪውን የቤት ስም እስከ አያቱ ያውቃል፤ በወረቀት ግን አንዳቸው ለሌላቸው የሉም።

ስለ ወረቀት ካነሣን ሕጉ ምን እንደሚል ጠንቅቆ ማየት ይገባል። ‹‹ሕጉ ለፈረንጅ ነው›› የሚሉት ሳያነቡት ነውና። ከ2020 ወዲህ በቨርጂኒያ የሥራ ሕግ ላይ የታየው ለውጥ ቀላል አይደለም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አሠሪው በየደመወዙ ቀን የተሠራውን ሰዓት፣ የሰዓቱን ዋጋና የተቀነሰውን ሁሉ የሚያሳይ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ከጁላይ 2020 ጀምሮ ደመወዙ የተበላበት ሠራተኛ የመንግሥትን መሥሪያ ቤት ደጅ ሳይጠና በራሱ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፤ ያልተከፈለውን፣ ያንኑ የሚያህል ካሣና 8 በመቶ ወለድ ይጠይቃል፤ አሠሪው እያወቀ ያደረገው ከሆነ ሦስት እጥፍ ይፈረድበታል። በቤት ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩትም፣ ልጅ የሚያሳድጉት፣ ሽማግሌ የሚጦሩት፣ ብዙዎቹ እኅቶቻችን የሆኑት፣ በዚያው ዓመት በዝቅተኛው ደመወዝ ሕግ ውስጥ ገቡ።

በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ሕግ የእኛን ሰፈር በቀጥታ የሚነካ ነው። ለሌላ ሰው ሥራ ሠርቶ ዋጋ የሚቀበል ሁሉ ሠራተኛ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ራሱን የቻለ ተቋራጭ ነው የሚል አሠሪ ማስረዳት ያለበት እሱ ራሱ ነው። ያላስረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰው እስከ 1,000 ዶላር፣ ለሁለተኛ ጊዜ እስከ 2,500፣ ከዚያ በኋላ እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል። እስቲ ይህንን ይዘን በየምግብ ቤቱ እንዙር። አስተናጋጇ መግቢያዋን ሰዓት አሠሪው ይወስናል፤ የምትለብሰውን ጥቁር ሸሚዝ አሠሪው ይመርጣል፤ የትኛውን ጠረጴዛ እንደምትይዝ ማናጀሩ ይነግራታል፤ ቀረች ቢባል በማግሥቱ ሌላ ሰው ይተካባታል። በጃንዋሪ መጨረሻ ግን 1099 የሚባለው ቅጽ ይደርሳታል፤ ‹‹ነጋዴ ነሽ›› ይላታል! ምን የምትነግድ ነጋዴ? በዚህ ቅጽ ምክንያት ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር አሠሪው ሊከፍል የሚገባው ግማሽ በእሷ ላይ ይጫናል፤ በ7.65 በመቶ ፋንታ 15.3 በመቶ ትሸከማለች። ዘይት ቢያቃጥላት የሥራ ላይ ጉዳት መድን የላትም። ሥራው ቢዘጋ የሥራ አጥ ድጎማ የሚታሰብበት መዝገብ የላትም። በ2020 ወረርሽኙ ምግብ ቤቶችን ሲዘጋ በእጅ ሲከፈለው የኖረ ሰው ስንት ዓመት መሥራቱን የሚያስረዳ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

ጉርሻውም፣ እዚህ አገር ሁላችንም ቲፕ የምንለው፣ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሕጉ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ በእጁ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ፈቃዱ ግን ከግዴታ ጋር ነው፤ ጉርሻውና 2 ዶላር ከ13ቱ ተደምረው የቨርጂኒያን ወለል ካልሞሉ ጎደሎውን የሚሞላው አሠሪው ነው። በ2018 ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ አሠሪ፣ ማናጀርም ሆነ ተቆጣጣሪ ከሠራተኛው ጉርሻ እንዳይካፈል ከለከለ። በዝናብ ማክሰኞ ማታ ሦስት ጠረጴዛ አስተናግዳ ወደ ቤቷ የምትሄድ ልጅ ጎደሎው ሲሞላላት ያየ አለ? ወይስ ባለቤቱ መሳቢያውን ከፍቶ ‹‹ይህ ለተሰበረው ብርጭቆ›› ሲል ነው ያየነው? በዋሽንግተን ሕዝቡ በ2022 በድምፁ የጉርሻ ሠራተኛን ደመወዝ ከሌላው ጋር በ2027 ለማስተካከል ወስኖ ነበር። በጁላይ 2025 የከተማው ምክር ቤት ውሳኔውን ከለሰው፤ በ2034 ከዝቅተኛው ደመወዝ 75 በመቶ ላይ እንዲቆም አደረገው። ሕዝብ የወሰነውን የከለሱት የምግብ ቤት ባለቤቶችን ጩኸት ሰምተው ነው፤ ከጯኺዎቹ መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች እንደነበሩበትም ሰፈራችን ያውቃል።

የአሠሪዎቹን ክርክር ሳናደምጥ አንፈርድም። ኪራዩ ይጨምራል ይላሉ፤ እውነት ነው። የጤፉ ዋጋ ይንራል፣ ማዘዣ ኩባንያዎች ከየምግቡ ድርሻቸውን ይቆርጣሉ፣ ባንኩ ለስደተኛ ብድር አይሰጥም፤ ይህም እውነት ነው። ብዙዎቹ ዱሮ ራሳቸው ሳህን አጣቢ ነበሩ፤ ሱቁን የከፈቱት በእቁብ ብር ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ ‹‹ቤተሰብ ነን›› የሚባለው ለማን ነው? ባለ ሕንፃው ቤተሰብ ነን ሲባል ኪራይ ይቀንሳል? የመብራት ኃይሉ ኩባንያ ጋሼ ሲባል ሒሳቡን ይተዋል? ከአቅራቢዎቹ ሁሉ ዋጋው በውለታ የሚቆረጠው ጉልበት አቅራቢው ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላው ያገር ልጅ ደመወዙን በቼክ፣ ከነግብሩ፣ ከነትርፍ ሰዓቱ የሚከፍል ከሆነ ክትፎውን በዚያው ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። እንዲህ ያሉ አሠሪዎች አሉ፤ እናውቃቸዋለን፤ ሕግ በማክበራቸው ብቻ የሚከስሩበትን ገበያ የፈጠረው የጎረቤታቸው ‹‹ቤተሰብነት›› ነው። በትንሽ ነጋዴ ስም ሕግ ሲሻር የሚጠቀመው የትኛው ትንሽ ነጋዴ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

አንዳንዶች ደግሞ ‹‹ባገራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው›› ይሉናል። ታሪካቸውን ቢያውቁ ኖሮ ባላሉም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን የሚል ነበር። አድማው ቀናት ቆይቶ በስምምነት ቆመ። ማኅበሩን ደርግ ዘጋው፤ በ1969 ዓ.ም. በፈንታው በራሱ ቁጥጥር ሥር የሆነ ሌላ ማኅበር አቋቋመ። ሥርዓቱም አለፈ፤ ጥያቄው ግን አላለፈም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጎ፣ የሙከራ ጊዜን ደግሞ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን አራዝሞ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚቆርጥ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ አንድም ወለል አልነበረም። አዋጁ በወጣበት ዓመት በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዓለም የልብስ ስፌት ሥራ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጿል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። እንግዲህ ‹‹የፈረንጅ ጣጣ›› የሚሉት ጥያቄ አባቶቻችን በአቃቂና በወንጂ የጠየቁት ነው።

ያም ሆኖ የአሜሪካው ሕግ ሁሉ ወደፊት ብቻ ይራመዳል ብለን አናታልልም። ቨርጂኒያ በ2021 ከፌዴራሉ የጠነከረ የትርፍ ሰዓት ሕግ አውጥታ በዓመቱ መልሳ ወደ ፌዴራሉ ልክ አወረደችው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራል መንግሥት ተቋራጮች በ2022 በ15 ዶላር የጀመረውን ወለል እንዲከፍሉ ያስገድድ የነበረውን ትእዛዝ ሻሩ፤ ይህ የመንግሥት ሕንፃ ጠባቂዎችንና ጽዳት ሠራተኞችን ይነካል። በጁላይ 2025 የሠራተኛ ሚኒስቴሩ በየቤቱ ሕሙማንን ለሚረዱ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ያስገኘውን የ2013 ደንብ የሚያነሣ ረቂቅ አወጣ። ብሔራዊው የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር ድረስ ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ የቀረበለትን ይግባኝ ሊወስን ሳይችል ቆየ።

ከሁሉም ይልቅ ወገኖቻችንን ያስጨነቀው የሥራ ፈቃዱ ነገር ነው። ጥገኝነት ጠያቂ ፈቃዱን ለማሳደስ አስቀድሞ ካመለከተ መልሱ እስኪመጣ አሮጌው ካርድ እስከ 540 ቀን በራሱ ይራዘምለት ነበር። ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ በሚቀርቡ ማመልከቻዎች ላይ ይህ ቀረ። አዲሱ ካርድ በፖስታ እስኪመጣ አሮጌው ካለፈበት ሰው በማግሥቱ ሥራ መግባት አይችልም። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን በ2022 የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላ እንደሚያበቃ መንግሥት አስታወቀ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

አሁን የ‹‹ቤተሰብ ነን›› አሠሪ እጅ ምን ያህል እንደሚረዝም ይታሰብ። ካርዱ ያለፈበትን ሰው በጓዳ በር ያስገባዋል፤ ‹‹እኔ ባልኖር ማን ያሠራህ ነበር?›› ይለዋል፤ የሰዓቱንም ዋጋ እንደፈቀደ ይቆርጣል። ሠራተኛውም አይናገርም፤ ቢናገር የሚጠቁመው ያው ውለታ የዋለለት ሰው መሆኑን ያውቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ፤ የፌዴራሉ የደመወዝ ሕግ የሠራበትን ሰዓት የሚያስከፍለው ለሠራ ሰው ሁሉ ነው፤ ካርድ አለው የለውም አይልም። ያለ ፈቃድ ማሠራት ላሠሪው ራሱ ሕግ መጣስ ነው፤ በዚያ ላይ ዋጋ መንፈግ ሁለተኛ ጥሰት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ባለዕዳ፣ ወረቀት የሌለውን ሰው ያሠራ ግን ባለውለታ ተብሎ የሚጠራበት ያገር ልጅነት እኛ አልገባንም።

ማኅበሮቻችንስ የት አሉ? የዘመን መለወጫው በዓል ሲከበር የመድረኩን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? በመጽሔቱ ጀርባ የሚታተመው ማስታወቂያ የማን ነው? ባለ ምግብ ቤቱ፣ ባለ ትራንስፖርቱ፣ ባለ ቤት ለቤት አስታማሚ ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ስለ አድዋ ንግግር ይደረጋል፣ ስለ ባህላችን ንግግር ይደረጋል፣ ስለ ደመወዝ ግን አንድ ሰው አይተነፍስም። እድሩ ለሞተ ሰው የሚያሳየውን ጥንቃቄ ግማሹን ለቆመው ቢያሳይ፣ በየወሩ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ወስዶ የደመወዝ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ቢያስረዳ፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የቨርጂኒያን የሰዓት ወለል በአማርኛ ቢለጥፍ ማንም አይከስር። የተማሪዎች ማኅበር አባላት ሕጉን ተርጉመን፣ አባዝተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሄርንደንና በአሌክሳንድሪያ ለማደል ተስማምተናል፤ ባለ ምግብ ቤቶችም በራቸው ላይ እንዲለጥፉልን እንጠይቃለን። የሚለጥፈውንና የማይለጥፈውን በሚቀጥለው እትም እንጽፋለን።

ለሠራተኛው ደግሞ ይህን እንላለን። የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፍ፤ የእጅህ ጽሑፍ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። መርሐ ግብሩ የተላከልህን የስልክ መልእክት አታጥፋ። በእጅ ሲከፈልህ ቀኑንና ልኩን እዚያው መዝግብ፤ ከአንተ ጋር ማን እንደሠራም ጻፍ። ሁለት ሆናችሁ ከጠየቃችሁ፣ የማኅበር አባል ባትሆኑ እንኳ፣ ስለ ደመወዝ መነጋገራችሁንና አብራችሁ መጠየቃችሁን ከ1935 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ይጠብቀዋል። አቤቱታው ለቨርጂኒያ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት፣ ወይም ለፌዴራሉ የደመወዝና ሰዓት ክፍል፣ ወይም በቀጥታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። በቨርጂኒያው ሕግ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ በፌዴራሉ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካደረገው ሦስት። በጃንዋሪ 2024 ተሠርቶ ያልተከፈለ ሰዓት በጃንዋሪ 2027 ይቃጠላል፤ የፌብሩዋሪው በፌብሩዋሪ፣ የማርቹ በማርች።